የእህቴ ልጅ ደብተር

ዛሬ የእህቴን ልጅ ላስጠና ብዬ የባዮሎጂ ደብተሯን ገለጥኩ። ጽሑፏ ሲያምር! ርዕሱ በቀይ፣ ስሩ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ሽፋኑ በጋዜጣ የተለበደ።

«ልብ ስንት ክፍል አለው?» አልኳት። ዝም። አራት ተብሎ በራሷ እጅ ተጽፏል እኮ!

አልፈረድኩባትም። እኔም አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰሌዳ ስገለብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። እጅ ይጽፋል፣ ጭንቅላት ምሳ ያስባል።

አዲስ ገጽ ከፈትን። በግራ በኩል አራት ጣት ያህል ለጥያቄ ተውን፤ ከታች አምስት መስመር፣ በራሷ ቃል ለምታሳጥርበት። ኮርኔል የሚባለው የማስታወሻ አያያዝ ነው፤ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ።

ስዕሉን ግን እሷ ነች ያመጣችው። ደሙን ታክሲ አደረገችው። ካርቦንዳይኦክሳይድ የጫነው ታክሲ በልብ ቀኝ በኩል ገብቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ እዛ ያራግፋል። ኦክስጅኖቹን ሰልፍ አስይዛቸዋለች! ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል። ሲሞላ በግራ በኩል ተመልሶ ወደ መላ ሰውነት።

«የግራውን ግድግዳ ለምን አወፈርሽው?» ስላት፣

«ሩቅ ነዋ የሚልከው!» ብላኝ እርፍ። ይሄ ከሰሌዳ የተገለበጠ አይደለም።

ማታ መልሱን በእጄ ሸፍኜ ጥያቄዎቹን ብቻ አሳየኋት። ከስድስቱ አምስቱን መለሰች። የሳተችው የቫልቮቹን፣ የልብ በሮቹን፣ ስም ነው፤ እሱንማ እኔም ሰርቄ ነው ያየሁት።

እህቴ መጥታ ደብተሩን አየችና «ውይ፣ ምነው እንዲህ አዝረከረካችሁት?» አለች።