ኦርጅናሉን ለመዝገብ ቤት አታስረክቡ፦ የአንድ የምኒልክ ዘመን ፖስታ ነገር

አሮጌ ቴምብር እጁ ገብቶ ምንነቱን ለማወቅ ለሚደክም ሰው ነው የምጽፈው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ፖስታ ፊቱ ላይ ያ ሐምራዊ ክብ ማኅተም ባልኖረበት ነበር። የምኒልክ ዘመን ማኅተም እንዳይመስላችሁ። የዘመናችን መሥሪያ ቤት ማኅተም ነው፤ ፊርማ ሳይቀር አለበት።

ፖስታው የነበረበትን የቴምብር እሽግ የገዛሁት ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ካንዱ ነው። ባለሱቁ ዋጋውን የሰቀለብኝ ከላይ በደረደራቸው የአራዊት ቴምብሮች ነበር፦ ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስ፣ ሰጎን፤ እ.ኤ.አ. በ1919 የወጡት ዓይነት (ከዚህ በታች ያለውም ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ያምራሉ፣ አይካድም። ግን የዚህ ስብስብ ዳግም ኅትመት ገበያውን ሞልቶታል። መለያው ጀርባው ላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሙጫ ነጭና ለስላሳ ነው፣ የዳግም ኅትመቱ ግን ቡናማ ሆኖ በሰያፍ የተሰነጣጠቀ ነው። የኔዎቹን ገለበጥኳቸው፤ ቡናማ። ለልጆቼ ሰጠኋቸው፣ ደስ አላቸው።

ከሥር ግን አንድ ሙሉ ፖስታ ነበር፣ ወደ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ የተላከ። በግራ በኩል ከኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮች አንዱ፣ የአፄ ምኒልክ ምስል ያለበት ባለ አንድ ግርሹ ተለጥፏል። በቴምብሩ ላይ «ቦስታ» (ፖስታ ማለት ነው) የሚል ቃል በሐምራዊ ቀለም በእጅ ተመትቷል፤ ጥቁር የሐረር ማኅተምም አለበት። በቀኝ በኩል ደግሞ ግመል የተቀመጡ ሰዎች የሚታዩበት የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ (የዛሬዋ ጅቡቲ) ቴምብር አለ፤ ዋጋው 25 ሳንቲም፣ ማኅተሙ የጅቡቲ፣ ዓመቱ 1903። ባለሱቁ ሳቀ። «እሱን ምርቃት ያዘው። አንዱ ተጫውቶበት ነው እንጂ የሁለት አገር ቴምብር ባንድ ፖስታ ላይ የት አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። እኔም አላየሁም ነበር።

የተለመደውን ሥራ ባጭሩ ልበለው። ጥርሱን በመለኪያ ቆጠርኩ፣ ማለትም በሁለት ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀዳዳ እንዳለ፤ 14 በ13½ ወጣ፣ ካታሎጉ፣ ማለትም የቴምብሮች ዝርዝር መጽሐፉ፣ ከሚለው ጋር ገጠመ። ሐሰተኛ ብር መፈተሻውን አልትራቫዮሌት መብራት ከአንድ ጓደኛዬ ሱቅ ተዋስኩና አበራሁበት፤ ወረቀቱ ጭል አላለም። የቅርብ ጊዜ ወረቀት ማንጫ ኬሚካል ስላለበት በዚህ መብራት ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ከዚያ ፊቱንም ጀርባውንም ጥቁር ካርቶን ላይ አድርጌ ስካን አደረግኩ። በስልክ ካሜራ አንስታችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ለሰው አትላኩ። ቀለሙ ይለወጣል፣ ጥርሱ አይታይም፣ የሚያውቀው ሰው ደግሞ መልስ ሳይሰጣችሁ ያልፋል። ልክም ነው።

ካታሎጉን አምናችሁ አትቀመጡ። ካታሎጉ የሚነግራችሁ ይህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች በ1894 ፓሪስ ታተሙ፤ አራቱ የንጉሡ ምስል፣ ሦስቱ የይሁዳ አንበሳ ያለባቸው። የአገሩ ስም በላቲን ፊደል ስላልነበረባቸው በ1901 «ኢትዮጲ» የሚል የፈረንሳይኛ ጽሑፍ በእጅ ተመታባቸው። በ1902 «ቦስታ» መጣ፣ በ1903 ደግሞ ሌላ ቃል፣ እያለ እስከ 1908 ቀጠለ። ያልተመታባቸው ቴምብሮች አውሮፓ ውስጥ በርካሽ ተትረፍርፈው ስለነበር፣ የጎማ ማኅተም ያስቀረጸ አታላይ ሁሉ ርካሹን ወደ ውድ ይለውጥ ነበር። ካታሎጉ «ሐሰተኛው ብዙ ነው» ብሎ ያስጠነቅቅና እንዴት እንደሚለይ ሳይነግር ወደሚቀጥለው ገጽ ይሄዳል። እዚህ ላይ ነው ሰብሳቢ የሚያስፈልገው።

ስካኑን ለሦስት ሰዎች ላክሁ። አንዱ ጀርመናዊ ነው፣ ሁለተኛው ጡረታ የወጡ ፈረንሳዊ፣ ሦስተኛው ከልጅነታቸው ጀምሮ ቴምብር ሲሰበስቡ የኖሩ የቢሾፍቱ ሰው፣ እኔ ጋሼ የምላቸው። ጀርመናዊው በማግሥቱ መለሰ፦ ሐሰት ነው፣ የፊደሉ ውፍረት አላማረኝም። ተስፋ ቆርጬ ለጋሼ ደወልኩ።

«ልጄ፣ የፊደሉን ውፍረት ተወው» አሉኝ። «ያን ጊዜ በእጅ ነው የሚመቱት፤ ቀለም ሲበዛ ይወፍራል፣ ሲያንስ ይሳሳል። ‹ቦስታ› የሚለው ከሐረር ማኅተም በላይ ነው ወይስ በታች?»

«እንዴት ልወቀው ጋሼ?»

«ሁለቱ መስመሮች የሚሻገሩበትን ፈልግና በማጉያ እየው። ሐምራዊው ጥቁሩን አቋርጦ ከሄደ ጨርሰሃል፤ ቴምብሩ ካገለገለ በኋላ የተመታ ነው። ጥቁሩ ሐምራዊውን ከሸፈነው ግን ቁጭ በልና ሻይህን ጠጣ።»

ጥቁሩ ነበር የሸፈነው። ሻዬን ጠጣሁ።

የሁለቱን ቴምብሮች ነገር የፈቱት ፈረንሳዊው ናቸው፣ ረጅም ደብዳቤ ጽፈው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1908 ነው። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ቴምብር የሚሠራው እስከ ጠረፍ ድረስ ብቻ ነበር። ደብዳቤው ባሕር ማዶ እንዲሄድ ጅቡቲ ላይ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ሊጨመርበት ግድ ነበር፤ ለውጭ አገር ደብዳቤ ሒሳቡ ደግሞ በትክክል 25 ሳንቲም ነው። ባለሱቁ የሳቀበት ነገር ለካ ዋናው ማስረጃ ኖሯል! ቴምብሮቹ ተነጥለው ቢሆን ኖሮ አንዱ አጠራጣሪ «ቦስታ» ነው፣ ሌላው ተራ የግመል ቴምብር። ባንድ ፖስታ ላይ፣ ትክክለኛ ሒሳብ ተከፍሎ፣ ጀርባው ላይ የባዝል መድረሻ ማኅተም ተመትቶ ሲገኙ ግን እርስ በርሳቸው ይመሰክራሉ። ጀርመናዊው የጀርባውን ስካን ደግሞ ካየ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ «አሁን ይቻላል» ብሎ ብቻ ጻፈ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ደስታ ነበር። ሦስቱም የባለሙያ የምስክር ወረቀት አውጣለት አሉኝ። ባለሙያው አውሮፓ ነው፣ የሚመረምረውም ኦርጅናሉን ነው። ከአገር ሲወጣ ጥያቄ እንዳይነሳ ፈቃድ ልያዝ ብዬ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ብናገርም «እኛ አይደለንም፣ ያኛው ክፍል ነው» ነው የሚሉት።

መጀመሪያ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ «ማመልከቻ ጽፈህ ና» አለችኝ። ጽፌ መጣሁ። «ለማን ነው የጻፍከው? ለኃላፊው እንጂ ለክፍሉ አይጻፍም።» ለኃላፊው ጽፌ መጣሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሌላ ቀን ስመለስ ማመልከቻው ተመርቶ ወርዷል፣ ግን የወረደበት ክፍል የሚያየው ሥዕልና ብራና እንጂ ቴምብር አይደለም። ቴምብር የማን ነው? ማንም አያውቅም። አንዱ «የቴምብር ቀረጥ ከሆነ ገቢዎች ሂድ» አለኝ፣ ከልቡ። ፖስታ እንደሆነ አስረዳሁት። «ታዲያ ለምን አትልከውም?» አለኝ፣ አሁንም ከልቡ።

በመጨረሻ አንድ ሰውዬ ተገኙ፣ ትሑት፣ ሰው የሚያዳምጡ። ፖስታውን በሁለት እጃቸው ይዘው መስኮቱ ጋ ወስደው አዩት፣ «ሐረርጌ ነው ያደግኩት» አሉኝ። ልቤ ረጋ። «ነገ ጠዋት ና፣ ደብዳቤህ ይዘጋጃል። ዕቃው ግን ከማመልከቻው ጋር አብሮ መዝገብ ቤት ማደር አለበት፣ ደንቡ ነው» አሉ። ኮፒ ልስጥ ብዬ ተከራከርኩ። «ኮፒ እንዴት ዕቃ ይሆናል?» አሉኝ። እውነት ለመናገር መልስ አልነበረኝም። በፕላስቲክ ኪስ ውስጥ እንዳለ፣ «ከኪሱ እንዳይወጣ» የሚል ወረቀት ለጥፌ አስረከብኩ።

በማግሥቱ ክላሰሩን ሲያመጡልኝ መጀመሪያ ያየሁት ባዶውን ኪስ ነው። ለብቻው ተቀምጧል፣ ወረቀቴ እንደተለጠፈበት። ፖስታው ማመልከቻዬ ጀርባ ላይ ጥጉን በአግራፍ ተመትቶ ተያይዟል። ፊቱ ላይ፣ ልክ በሁለቱ ቴምብሮች መካከል፣ የመሥሪያ ቤቱ ክብ ማኅተም፤ ጠርዙ የጅቡቲውን ማኅተም ረግጦታል። ከሥሩ ቲተር፣ ከቲተሩ ላይ ፊርማ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ጎን ላይ ደግሞ «ታይቷል» ይላል።

የመታው ልጅ አልደነገጠም። «ማኅተም ከሌለበት እኮ ኤርፖርት አይቀበሉህም» አለኝ። ሊረዳኝ ነው የመታው! እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ክፋት ቢሆን እከሰው ነበር። ትሑቱ ሰውዬ ተጠርተው መጡ፣ አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «መዝገብ ቤት እንዲህ ነው» አሉ፣ መዝገብ ቤት ሌላ አገር ያለ ይመስል። ቅሬታ ማቅረብ እንደምችል ነገሩኝ። በማመልከቻ። የፈቃዱ ደብዳቤ ላይ ምን እንደተጻፈ ታውቃላችሁ? ዕቃው ከአገር እንዳይወጣ የሚያግደው ነገር የለም ይላል። ከአገር እንዳይወጣ የሚያግደው የለም ለማለት ነው ዕቃውን አግራፍ የመቱበት።

ዘጠና ዓመት ያለፈው ነገር ሁሉ ቅርስ ነው አልልም። ግን ሰው እጅ ላይ ያለን አሮጌ ወረቀት ሳይጠይቁ መቅደድም ሆነ መምታት ሥራ አይደለም። ጋሼ ስነግራቸው ብዙ ዝም አሉ፣ ከዚያ «እኔ አንዴ የደብዳቤ ቁጥር ጽፈውብኛል፣ በቀይ» አሉኝ።

ማኅተሙን በኬሚካል አንሳው ያለኝ ሰው አለ። እንዳትሞክሩት። ሐምራዊ የማኅተም ቀለም ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ የ1902ቱ «ቦስታ»ም ሐምራዊ ነው። አዲሱን አነሳለሁ ስትሉ አሮጌው አብሮ ይሄዳል። ለጀማሪ የሚጻፉ መመሪያዎች ሁሉ «ቴምብሩን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ከወረቀቱ አላቁት» የሚሉትን ምክር እኔ የማልቀበለው በዚሁ ምክንያት ነው። ለአዳዲሶቹ፣ ብዙ ላላችሁ፣ ይሁን። በእጅ የተመታ ጽሑፍ ያለበትን፣ ወይም ሙሉ ፖስታ ላይ ያለን ግን ውሃ አታሳዩት። መቀስም አታሳዩት። አባቶቻችን ቴምብሩን በአራት ማዕዘን ቆርጠው ፖስታውን ምድጃ ውስጥ ሲጨምሩ ስንት ሒሳብ፣ ስንት መንገድ እንደተቃጠለ ሳስብ ያመኛል።

ፈቃድ አትጠይቁ አልልም፣ ጠይቁ። ግን ባለቀለም ኮፒ ሁለት ይዛችሁ ሂዱ፤ ማኅተሙ ኮፒው ላይ ይመታ፣ ኮፒው ማመልከቻው ላይ ይያያዝ። ኦርጅናሉን እናንተው ይዛችሁ አሳዩ፣ እናንተው ይዛችሁ ውጡ። «ማደር አለበት» ካሉ በነገታው ኑ፤ በነገታው ሌላ ሰው ነው የሚቀመጠው፣ ደንቡም ሌላ ነው። ይህን ስል መሥሪያ ቤቶቹ እንደሚቆጡ አውቃለሁ።

የምስክር ወረቀቱ መጣ። ቴምብሮቹም፣ «ቦስታ»ውም፣ ማኅተሞቹም እውነተኛ ናቸው ይላል። ከታች በአንድ መስመር፦ ፊቱ ላይ የቅርብ ጊዜ የቢሮ ማኅተምና ፊርማ፣ ጥጉ ላይ ሁለት የአግራፍ ቀዳዳ። ፈረንሳዊው ሊያጽናኑኝ «ከመቶ ዓመት በኋላ እሱም ታሪክ ይሆናል» ብለው ጻፉ። እኔ መቶ ዓመት አልጠብቅም፣ ተናድጃለሁ።

ከእሽጉ ያልተፈታ አንድ ቴምብር ቀርቶኛል፣ ከነፃነት በኋላ በ1942 የወጣው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ባለ 10 ሳንቲም። መጀመሪያ የወጣው «ሳንቲም» የሚለው የላቲን ጽሑፍ በትንንሽ ፊደል ነው፣ ቀጥሎ የወጣው በትልልቅ። የኔው ላይ ማኅተሙ ልክ ጽሑፉ ላይ ወድቋል። ጋሼ ትልቅ ነው ይላሉ፣ ጀርመናዊው ትንሽ ነው ይላል፣ ፈረንሳዊው ደግሞ የተሻለ ስካን ላክ ብለውኛል።