የዘገዩ መልሶች

ዛሬ ምንም አልሆንኩም። አስቀድሜ የምናገረው "ጠፋሽ፣ ምን ሆነሽ ነው?" የምትሉኝ ስላላችሁ ነው። እንደምታውቁኝ አንዳንድ ቀን እንዲህ ያደርገኛል። አላዘንኩም፣ ደስም አላለኝም። ከሰው ጋር ማውራት አላሰኘኝም፣ ብቻዬን መሆኑም አልተመቸኝም። አንድ ሰው አጠገቤ ኖሮ ምንም ባይጠይቀኝ ብዬ የምመኝበት ዓይነት ምሽት ነበር።

ያቺ ሥነ ልቦና የምታጠናው ጓደኛዬ ሰሞኑን አንድ ሊንክ ልካልኝ ነበር። "የክፍል ጓደኞቼ ጥናት ነው። ስለ ማየትና ስለ ማሰብ። ጸጥ ያለ ቦታ ሆነሽ ሥሪው" ብላኝ። ጸጥታው እንደሆነ ዛሬ ሞልቷል። ላፕቶፑን ከፈትኩ።

መጀመሪያ የሚመጣው የስምምነት ቅጽ ነው። ብዙ ሰው ሳያነብ ወደ ታች ወርዶ "እስማማለሁ" የሚለውን ይጫናል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ማንበብ ደስ ይለኛል። ስሜ አይመዘገብም፤ የምታወቀው በቁጥር ነው። በፈለግኩ ሰዓት፣ ምክንያት ሳልሰጥ፣ ማቋረጥ እችላለሁ። ይቺን ደግሜ አነበብኳት። ምክንያት ሳይጠየቁ ትቶ መሄድ የሚቻልበት ቦታ ብዙ የለም። እንዲያውም እንደዚያ ስባል ነው መቆየት ያማረኝ።

ቀጥሎ የባንክ ካርድ አውጪ ተባልኩ። የፈለጉት ግን ቁጥሩን አይደለም፤ መጠኑን ነው። የባንክ ካርድ የትም አገር ርዝመቱ አንድ ነው፣ 85.6 ሚሊሜትር። ካርዱን ስክሪኑ ላይ አስደግፌ፣ የተሳለውን ሳጥን ከካርዱ እኩል እስኪሆን ለጠጥኩት። በዚህ የስክሪኔን መጠን አወቁ። ከዚያ ደግሞ ምን ያህል ርቄ እንደተቀመጥኩ ማወቅ ነበረባቸው። ቀኝ ዓይኔን ሸፍኜ በግራው አንዲት ጥቁር ካሬ ላይ እንዳተኩር ታዘዝኩ። አንዲት ቀይ ነጥብ ወደ ግራ ትሄዳለች። ስትጠፋ ቁልፉን ተጫኚ ይላል። እንዴት ነው የምትጠፋው ብዬ ሳልጨርስ ጠፋች። ስክሪኑ ላይ አለች፤ ለእኔ ግን የለችም።

የዓይን ነርቭ ከዓይን ኳስ በሚወጣበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዓይናችን ምንም የማያይበት አንድ ቦታ አለው፤ ከምናተኩርበት ነጥብ ወደ ጎን 15 ዲግሪ ገደማ ራቅ ብሎ። ይህን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያገኘው ኤድም ማሪዮት የተባለ ፈረንሳዊ ነው። እኔን የሚገርመኝ ቀዳዳው አለመታወቁ ነው። ጨለማ ሆኖ አይታይም። አእምሯችን በዙሪያው ያለውን ቀለም ወስዶ ይሞላዋል፣ እኛም ሁሉን እያየን ይመስለናል። አጥኚዎቹ ነጥቧ ከጠፋችበት ቦታ ተነሥተው የእኔን ርቀት ያሰላሉ። የማላይበት ቦታዬ መለኪያ ሆነላቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆየሁ፤ ነጥቧን እያጠፋሁ፣ እየመለስኩ።

ዋናው ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው። መሐል ላይ የመደመር ምልክት ይመጣል። እሷን እያዩ መጠበቅ ነው። ከዚያ ከትንንሽ ኩቦች የተሠሩ ሁለት ቅርጾች ጎን ለጎን ብቅ ይላሉ። አንዱ ዞሯል። ሁለቱ አንድ ቅርጽ ናቸው ወይስ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል? አንድ ከሆኑ አንዱን ቁልፍ፣ ካልሆኑ ሌላውን። "በተቻለዎት ፍጥነት፣ ነገር ግን ሳይሳሳቱ" ይላል መመሪያው። ሁለቱ ተስማምተው እንደማይኖሩ የጻፉትም ያውቃሉ። ሰው ሲፈጥን ይሳሳታል፤ እንዳይሳሳት ሲጠነቀቅ ይዘገያል። በሁለቱ መካከል የት እንደሚቆም እያንዳንዱ ሰው ራሱ ይመርጣል።

የዚህ ዓይነት ሙከራ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ሮጀር ሼፐርድና ጃክሊን ሜትዝለር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት። ተሳታፊዎቻቸው 8 ብቻ ነበሩ፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው 1,600 ጥንድ ቅርጾች አይተዋል። የተገኘው ውጤት እስካሁን ያስደንቀኛል። በሁለቱ ቅርጾች መካከል ያለው ማዕዘን በሰፋ ቁጥር መልሱ የሚወስደው ጊዜ በዚያው ልክ ይረዝማል። በግራፍ ሲሳል ቀጥ ያለ መስመር ነው። ሰዎቹ ቅርጹን በእጃቸው የያዙት ያህል በሐሳባቸው ያዞሩታል፤ በሰከንድ 60 ዲግሪ ገደማ። ብዙ መዞር ያለበት ነገር ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ዝምታው ባዶ አይደለም ማለት ነው። ውስጡ ሥራ አለ፤ ሥራው ደግሞ ከውጭ በሰዓት ሊለካ ይችላል።

እየሠራሁ ሳለ ይሄ ይታወቀኛል። ትንሽ የዞረው ቶሎ ይመጣል። ተገልብጦ የመጣው ደግሞ ጎትቶ ጎትቶ ነው የሚሄደው። በዚያ መሐል አንድ ዙር ላይ፣ ቅርጹን ግማሽ መንገድ አዙሬው፣ አባዬ ትዝ አለኝ። ከኩብ ጋር ምን እንዳገናኘው አላውቅም። ፊቱ መጣብኝ፤ ሲጠየቅ የሚያደርገው ፊት፣ ዓይኑን ትንሽ ጠበብ አድርጎ፣ አንገቱን ወደ ጎን። ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆየሁ። ከዚያ መለስኩ። መልሱ ትክክል ነበር።

መጨረሻ ላይ ስለ ጥናቱ ማብራሪያ ይሰጣሉ። ለምን እንደተሠራ፣ ምን እንደሚለካ። እዚያ ውስጥ ከመጠን በላይ የፈጠኑና ከመጠን በላይ የዘገዩ መልሶች ከትንተናው እንደሚወጡ ተጽፏል። ምክንያቱ ይገባኛል። በጣም የፈጠነው ሳያይ የተጫነ ነው። በጣም የዘገየው ደግሞ ልቡ ሌላ ቦታ የነበረ ነው። አማካዩን እንዳያበላሹ ይወጣሉ። ትክክለኛ አሠራር ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

ግን ያቺ ዙር ናት የምትወጣው። አባዬ የመጣባት።

ላፕቶፑን ዘግቼ ልተኛ ነበር። ይቺ ነገር አላስተኛኝ አለች። የዘገየ መልስ ምንድን ነው? ከየት ጀምሮ ነው ዘገየ የሚባለው?

ሰው ለማሰብ ጊዜ ይወስዳል የሚለው ሐሳብ ራሱ በአንድ ወቅት አዲስ ነበር። ሄርማን ሄልምሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1850 በእንቁራሪት ነርቭ ላይ የመልእክት ፍጥነት ለካ። ከዚያ በፊት ብዙዎች ፍጥነቱ ሊለካ የሚችል አይመስላቸውም ነበር፤ የራሱ መምህር ዮሐንስ ሙለር ጭምር። የተገኘው ግን በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ ነው። ይሄ ከድምፅ ፍጥነት በብዙ ያነሰ ነው። እግሬ የነካውን ነገር እስካውቀው ድረስ ጊዜ አልፏል። አሁን የምለው ሁሉ ትንሽ ያለፈ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምወደው የአባቱን ነገር ነው። የሄልምሆልትዝ አባት የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ልጁ ያገኘውን ሲሰማ ሊቀበለው እንደከበደው ጽፎለታል። ሐሳብና የሰውነት እንቅስቃሴ ለእሱ አንድ ሕያው ድርጊት ነበሩ፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው የሚከተል አልነበረም። በአብርሃም ዘመን የጠፋ ኮከብ እስከ ዛሬ ይታያል እንደ ማለት ሆነበት። ይህን ሳነብ ለአባትየው አዘንኩለት። ኮከቡን በተመለከተ የማይመስለው ነገር እውነት ሊሆን የሚችል መሆኑ ደግሞ የበለጠ አሳዘነኝ። የገዛ ልጁ በእሱና በሐሳቡ መካከል ክፍተት አለ ብሎ የነገረው ሰው ነው።

ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1868፣ ዶንደርስ የተባለ የኔዘርላንድስ ሐኪም የማሰብን ጊዜ ለይቶ ለመለካት ዘዴ አወጣ። የተሳታፊውን አንዱን እግር በኤሌክትሪክ ነካ ያደርጉታል፤ እሱ በዚያው በኩል ባለው እጁ ይመልሳል። የትኛው እግር እንደሚነካ ቀድሞ ሲያውቅ ፈጥኖ ይመልሳል። ሳያውቅ ሲቀር የሰከንድ አንድ አሥራ አምስተኛ ያህል ይዘገያል። ዶንደርስ አንዱን ከአንዱ ቀነሰ። የቀረው የመምረጫ ጊዜ ነው አለ። እስካሁን በብዙ የሥነ ልቦና ጥናት ከጀርባ ያለው ይሄ ቅነሳ ነው። የሰው ልብ ውስጥ መግባት አይቻልም፤ ግን ምን ያህል እንደቆየ ማየት ይቻላል።

አባዬን የምታውቁት ታውቃላችሁ። እሱ ጥያቄ ሲጠየቅ አይመልስም፤ ጥያቄውን ይቀበላል። ከዚያ ይይዘዋል። እማዬ ከአፍ ነጥቃ ስትመልስ እሱ ገና እያየን ነው። ያንን ትምህርት ትቼ ወደዚህኛው ልገባ ስል ነገርኩት። ዝም አለ። ስለ ሌላ ነገር አወራን፣ ተኛን። ጠዋት በሬን አንኳኳና "ትናንት ያልሽውን አይቼዋለሁ፤ ግቢበት" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ከዚያ በኋላም አንድ ቀን ሐሳቡን አልለወጠም። እኔ ያን ሌሊት ምን ሲያዞር እንዳደረ አላውቅም። ገንዘቡን ይሆናል፣ የራሱን ወጣትነት ይሆናል፣ እኔን ይሆናል። ብዙ እንደዞረ ግን ከርዝመቱ አውቃለሁ።

አሁን ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ዝምታው ተለውጧል። ድሮ የሚዘገየው ለከባድ ጥያቄ ነበር። አሁን "መድኃኒትህን ወሰድክ?" ስለው ይዘገያል። "ማን ደወለ?" ስለው ይዘገያል። እነዚህ ጥያቄዎች የሚዞር ነገር የላቸውም። ሁለቱም ቅርጾች ቀጥ ብለው ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው። በሼፐርድ መስመር ላይ ዜሮ ዲግሪ ናቸው፤ ቶሎ መምጣት ነበረባቸው።

ወይም ለእኔ ነው ዜሮ የሆኑት። ምናልባት "መድኃኒትህን ወሰድክ?" ስለው እሱ የሚሰማው ሌላ ጥያቄ ነው፤ "አሁንም ራስህን ትችላለህ ወይ?" የሚል። እንደዚያ ከሆነ የሚዞረው ብዙ ነው። ሰውም ሲያረጅ፣ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ፣ መልሱ መዘግየቱ የታወቀ ነው። ይሄን ሁሉ ለራሴ እነግረዋለሁ። ታላቄ ደግሞ "ሐኪም ይየው" ትላለች። ልክ ናት፤ እንወስደዋለን፣ ተነጋግረናል።

ግን እዚያም የሚሆነውን አስባለሁ። ቀኑን ይጠይቁታል፣ ቃላት እንዲይዝ ይነግሩታል፣ ቁጥር ያስቀንሱታል። እሱ አንገቱን ወደ ጎን አድርጎ ጥያቄውን ይቀበላል። ጠያቂው የማያውቀው ሰው ነው። ይሄ ሰው በወጣትነቱም እንደዚህ እንደነበር ማን ይነግረዋል? እኔ እነግረዋለሁ። ግን ምን ብዬ?

ጓደኛዬን አሁን፣ በዚህ ሌሊት፣ በቴክስት ጠየቅኳት። የዘገየ የምትሉት በምን ለክታችሁ ነው አልኳት። አልተኛችም ነበር። አንዳንዱ ጥናት ለሁሉም አንድ ወሰን ያስቀምጣል አለችኝ። ሌላው ደግሞ ወሰኑን የሚያወጣው ከእያንዳንዱ ተሳታፊ ከራሱ አማካይ ነው። ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው የሚመዘነው በራሱ ቀስታ ነው፤ ለእሱ የዘገየ የሚባለው ከራሱ ልማድ በጣም ሲርቅ ብቻ ነው። ይሄኛው ፍትሐዊ መሰለኝ። ደስ አለኝም።

ቀጥሎ ግን ሌላው ነገር መጣብኝ። ለዚህ አማካዩ ያስፈልጋል። የአባዬን ዝምታ ደህና በነበረበት ጊዜ ማንም አልለካውም። እማዬ ብትኖር ታውቀው ነበር። ያለው በእኔና በእህቴ ትዝታ ነው፤ ትዝታችን ደግሞ አይስማማም። እሷ "እንደዚህ አልነበረም" ትላለች። እኔ "ሁልጊዜም እንደዚህ ነው" እላለሁ። ምናልባት የጎደለውን በዙሪያው ባለው ቀለም እየሞላሁት ይሆናል፤ ወይ እሷ ናት ቀዳዳ የሌለበት ቦታ ቀዳዳ ያየችው።

ነገ ጠዋት መድኃኒቱን እጠይቀዋለሁ፤ መጠየቅ አለብኝ። ዝም ሲል ጥያቄውን ልድገምለት ወይስ ልጠብቀው? ብጠብቀውስ እስከ መቼ?