ፉከራው የማይጠራቸው

ዛሬ ወረፋ ስንጠብቅ አንድ ወጣት ስለ ጦርነት በስሜት ያወራል፤ ጀግንነት፣ ክብር፣ ድል። አጠገቡ የተቀመጡ አባት እስኪጨርስ ሰሙትና ሱሪያቸውን ከፍ አደረጉለት። ሰው ሠራሽ እግር።

«ማታ ማታ ጣቶቼን ያሳክከኛል፣ ልጄ። ልከክ ስል ጣት የለም» አሉት።

ልጁ ዐይኑን ከእግራቸው ላይ መንቀል አቃተው። እኔም እንደዚያው።

ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል፤ አካሉ ቢቆረጥም ስሜቱ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

በ1914 እ.ኤ.አ. አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ስንቱ የአውሮፓ ወጣት በዘፈንና በአበባ ተሸኝቶ ዘመተ! በ1916 ፈረንሳይ ውስጥ በተደረገው የሶም ውጊያ የመጀመሪያ ቀን ብቻ ከእንግሊዝ ጦር ከ19,000 በላይ ሰው ሞተ። የቆሰለውን ሳንቆጥር ነው። ፉከራ ውስጥ ግን ቁስለኛ የለም፣ እንቅልፍ ያጣ የለም፣ ልጇን ስትጠብቅ የቀረች እናት የለችም። ይሄ በጣም ያመኛል።