የሂቢስከስ ምርጫዬ የት ደረሰ?

ሂቢስከስ የሚባለውን የአበባ ተክል መርጬ ተክያለሁ። በምርጫው ላይ ብዙ ስላሰብኩበት፣ ልትጀምሩ ላሰባችሁ ላካፍላችሁ።

ሂቢስከስ ብዙ ዓይነት ነው። ሮዛ ሳይነንሲስ የሚባለው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ውርጭ ግን አይችልም። ሲሪያከስ ብርድ ሲመጣ ቅጠሉን ያራግፋል እንጂ ጠንካራ ብርድ ይችላል። ሞሹቶስ ከአፈር በላይ ያለው ሁሉ ይደርቅና ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ አበባው ሳህን ያክላል፣ ውኃም በጣም ይወዳል። ለከርከዴ ሻይ የሚሆነው ደግሞ ሳብዳሪፋ ነው። ስለዚህ ቀለም ከማማረጣችሁ በፊት ግቢያችሁ ውርጭ ይመታው እንደሆነ እወቁ። የኔን አይመታውም፤ ፀሐይም ጥሩ ያገኛል። ሮዛ ሳይነንሲስን ያዝኩ።

ከባዱ ምርጫ ከዚያ በኋላ መጣ። ሦስት አራት ቀለም የተቀላቀለባቸው ትልልቅ ድቅሎች በእውነት ልብ ይሰርቃሉ። ግን የሮዛ ሳይነንሲስ አበባ ብዙውን ጊዜ የሚቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው። ጠዋት ይፈካል፣ በማግስቱ ይጠወልጋል። እንግዲያው ለኔ ዋናው ነገር የአንዱ አበባ ስፋት ሳይሆን፣ ነገም ሌላ እምቡጥ መኖሩ ነው። በዚህ ደግሞ ተራውን ነጠላ ቀይ (የአበባው ቅጠል አንድ ረድፍ ብቻ የሆነውን) የሚያህል የለም፤ እሱን መረጥኩ። ብዙዎቹ ድቅሎች ሥሮቻቸው ደካማ ስለሆኑ በሌላ ብርቱ ሥር ላይ ተጣብቀው ነው የሚያድጉት። ከመጋጠሚያው በታች የሚወጣውን ቀንበጥ ካልቆረጡለት፣ ሥሩ የራሱን ተክል ያበቅልና የገዙትን ይውጠዋል።

ችግኙን ከየት? ከድቅል የተገኘ ዘር እናቱን አይመስልም፤ የቅርንጫፍ ቁራጭ ግን ራሷኑ ነው። ሲያብብ በዓይኔ ካየሁት የጎረቤት ተክል ለምኜ ወሰድኩ። ቁራጩ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በጣም ለጋም፣ በጣም የጠነከረም አይሁን። የታች ቅጠሎቹን አንስታችሁ አሸዋማ አፈር ላይ ትከሉት፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ እርጥበቱ እንዳያመልጥ ላስቲክ አልብሱት።

የምትገዙ ከሆነ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ነጭ ዝንብ፣ እምቡጡ ላይ ደግሞ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ መኖሩን እዩ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በማሰሮ የሚሸጡት አንዳንዶቹ ድንክ ሆነው የሚታዩት እድገት የሚገታ ኬሚካል ስለሚሰጣቸው ነው። ኬሚካሉ ሲያልቅ ቁመታቸው ይመዘዛል። ለጠባብ ቦታ ብላችሁ እንዳትወስዷቸው።

የኔው አሁን አዳዲስ ቅጠል እያወጣ ነው። የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ፣ ቅርንጫፍ እንዲያበዛ ጫፉን ቀጥፌዋለሁ። ማዳበሪያውም ፖታሲየሙ ከፍ፣ ፎስፈረሱ ዝቅ ያለ ነው፤ ፎስፈረስ ሲበዛበት ይጎዳል። እምቡጥ ገና ነው።

ነጠላ ቢጫ ያላችሁ ካላችሁ፣ የኔው ሲጠነክር ቁራጭ እንለዋወጥ።