ኮሪደሩን ሁለቴ ቀረጽነው

የትምህርት ቤት አጭር ፊልማችንን በዲጂታል መቅረጽ እንችል ነበር። ካሜራው ነበር፣ ካርዱም ነበር፣ የከለከለን የለም። እኔ ግን በ16 ሚሊሜትር ፊልም ካልሆነ ብዬ ድርቅ አልኩ። ዳይሬክተሯ የክፍል ጓደኛዬ ናት። ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ «እሺ፣ ከተበላሸ ግን ተጠያቂው አንተ ነህ» አለችኝ።

ተበላሸ። ሁሉም አይደለም፣ አንድ ትዕይንት ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን ልንገራችሁ። ያገኘነው አራት ሮል ነው፤ እያንዳንዱ 400 ጫማ። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲቀረጽ 16 ሚሊሜትር በደቂቃ 36 ጫማ ይበላል። አንዱ ሮል 11 ደቂቃ ነው ማለት ነው፤ አራቱ ተደምረው 44 ደቂቃ። ፊልማችን 9 ደቂቃ ይሆናል ብለን ነበር። አምስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ክላፐሩ የሚመታበት፣ ካሜራው ፍጥነቱን እስኪይዝ ያለው፣ ተዋናይቷ ከመጀመሯ በፊት የምትተነፍስበት ጊዜ ሁሉ ከዚያው ላይ ነው የሚቀነሰው። ስለዚህ ካሜራው ሳይነሳ ሰባት ስምንት ጊዜ እንለማመድ ነበር። ከዚያ ሁለት ቴክ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ መቅረጽ፣ በቃ። ሦስተኛ ቴክ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ እኔን ማሳመን ነበረበት።

(ፊልሙን ሴሉሎይድ የምንለው ከልማድ ነው። የድሮው ሴሉሎይድ ከናይትሬት የተሠራ፣ ክብሪት እንደነካው የሚንቦገቦግ ነገር ነበር። ኮዳክ 16 ሚሊሜትርን በ1923 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ በቤት ውስጥ ለሚቀርጹ አማተሮች ስላሰበው በቀላሉ በማይቀጣጠል አሲቴት ላይ ሠራው። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ቀረ።)

ካሜራው አሪፍሌክስ 16 ኤስ አር ነው። ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ማጋዚን፣ ፊልሙ የሚቀመጥበትን ሳጥን፣ መጫን ነበር። ማጋዚኑ ሁለት ጎን አለው። ጥሬው ፊልም የሚገባበት ጎን በጨለማ ይጫናል፣ የተቀረጸው የሚጠቀለልበት ጎን ደግሞ በብርሃን። ለጨለማው ጎን እጅጌ ያለው ጥቁር ከረጢት አለ። ሁለት እጅህን እስከ ክርን ከትተህ በጣትህ ብቻ ታያለህ። በተበላሸ ፊልም አንድ ሳምንት ተለማመድኩ። መጀመሪያ ዓይኔን ገልጬ፣ ቀጥሎ ጨፍኜ፣ ከዚያ ከረጢቱ ውስጥ። ቤተሰቦቼ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፍኜ ቆርቆሮ ስዳብስ ሲያዩኝ ምን እንዳሰቡ እንጃ። የመጀመሪያውን እውነተኛ ሮል ስጭን እጄ በላብ ተጠምቆ ነበር፤ ፊልሙ ግን ገባ። ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ፊልም ቆርቆሮው ከመከፈቱ በፊት ጥቂት ሰዓት ውጭ መቆየት እንዳለበትም ያወቅኩት በዚያው ሳምንት ነው። ቀዝቅዞ እያለ ከተከፈተ እርጥበት ይይዛል።

ቀረጻው ሦስት ቀን ነበር። አንደኛው ሮል ለውጭ የሚሆን፣ ለቀን ብርሃን የተሠራ 250 ነው (ቁጥሩ ሲበዛ ፊልሙ ያነሰ ብርሃን ይበቃዋል)። የቀሩት ሦስቱ 500 ናቸው፣ ለአምፖል ብርሃን ማለትም ለ3200 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የተሠሩ። ላይት ሜትሬን፣ የብርሃን መለኪያዬን፣ ግን 500 ላይ አላደረግኩትም። መምህራችን «ኔጌቲቭ ጠግቦ ሲበላ ነው ደስ የሚለው» ይሉ ነበር። ስለዚህ 500ውን 320 ነው አልኩት፣ 250ውን ደግሞ 160። በዚህ ሁሌም ትንሽ ብርሃን ይተርፈዋል።

በሁለተኛው ሮል መጀመሪያ ላይ አንድ ስህተት ሠራሁ። ከውጭ ወደ ውስጥ ገብተን ፊልሙን ወደ 500 ስንቀይር ላይት ሜትሩን ረሳሁት። 160 ላይ ቀረ። የመስኮቱን ትዕይንት በሙሉ፣ 200 ጫማ ያህል፣ አንድ ስቶፕ፣ ማለትም ብርሃኑን እጥፍ፣ አብዝቼ ቀረጽኩት። ማታ ሳውቀው እንቅልፍ አልወሰደኝም። ላቦራቶሪው ሲመልሰው ግን ከፊልሙ ሁሉ ንጹሕ የሆነው እሱ ነበር። ጥላው ውስጥ እንኳ ዝርዝር አለ፤ ግሬይን፣ ያ የምስሉ ነጠብጣብ፣ የለም ማለት ይቻላል። ኔጌቲቭ ሲበዛበት ይችላል። ሲያንሰው ነው የሚያኮርፈው።

በዚያው ትዕይንት ሌላም ነገር ነበር። የመስኮቱ ብርሃን ሰማያዊ ነው፣ 5500 ኬልቪን አካባቢ። የኛ መብራቶች ቢጫ ናቸው። ሁለቱን ማስታረቅ ግድ ነው። መብራቶቹ ላይ ሰማያዊ ጄል (ባለ ቀለም ስስ ፕላስቲክ) ብናደርግ ከብርሃናቸው ከግማሽ በላይ ይበላብናል፣ ያሉን ደግሞ ሦስት መብራቶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ መስኮቱን ብርቱካንማ ጄል አለበስነው። ነፋስ ሲመጣ ይንኮሻኮሻል፤ ድምጽ የሚቀዳው ልጅ ሊያብድ ደረሰ። በፕላስተር ዙሪያውን ወጥረን አሰርነው።

አሁን ወደምወደው ሾት ልምጣ። ሴትየዋ ማታ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ደብዳቤ ታነባለች። ጠረጴዛው ላይ ሼድ ያለው መብራት አለ። ተመልካቹ ብርሃኑ ከዚያ የመጣ ይመስለዋል። ያ አምፖል ግን ከጌጥ አያልፍም። አነስተኛ ዋት አድርገንበታል፤ በካሜራው በኩል ባለው የሼዱ ውስጠኛ ክፍል ላይ ወረቀት ለጥፈናል፣ ነጭ ሆኖ እንዳይቃጠል። ፊቷን የሚያበራው ባለ 650 ዋት መብራት ነው፤ ከፍሬም ውጭ በዚያው አቅጣጫ ሰቅለን በማለስለሻ ወረቀት ያሳለፍነው።

መጀመሪያ መብራቱን አርቄ አቁሜው ነበር። ክፍሉ በሙሉ በራ፤ የሌሊት ስሜቱ ጠፋ። ሁለተኛ መብራት ልጨምር፣ ጥቁር ጨርቅ ልስቀል እያልኩ ግማሽ ሰዓት ዞርኩ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ርቀት ሲጨምር ብርሃን በካሬው ነው የሚቀንሰው። መብራቱን ከፊቷ 1 ሜትር ላይ አመጣሁት። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ከመብራቱ 3 ሜትር ይርቃል። ስለዚህ ፊቷ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ግድግዳው ላይ ከሚያርፈው ዘጠኝ እጥፍ ይበልጣል፤ ከሦስት ስቶፕ በላይ ልዩነት ነው። መብራቱ ስለቀረበ ፊቷ ላይ በዛ፣ እኔም ሌንሱን አጠበብኩ። ግድግዳው በራሱ ጊዜ ጨለመ። ጥቁር ጨርቁ ሳይፈታ ቀረ።

ልምምድ ላይ ደግሞ ያላሰብነው ነገር አየን። ደብዳቤውን ዝቅ አድርጋ ስታነብ ዓይኖቿ ጨለማ ናቸው። ትንሽ ቀና ስታደርገው ነጩ ወረቀት ብርሃኑን መልሶ ከአገጯ ሥር ወደ ዓይኗ ይልካል። ፊቷ ነፍስ ይዘራል። ዳይሬክተሯ «ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጊው» አለቻት። ለጥላው በኩል ያዘጋጀሁትን ነጭ ፎም መልሼ አስቀመጥኩት።

በዚህ ሾት ላይ አንድ ቴክ በኔ ጥፋት ሄዷል። ካሜራው ትሪፖድ ላይ ነው፤ አይንቀሳቀስም። ትወናዋን በገዛ ዓይኔ ልይ ብዬ ከማያው ላይ ፊቴን አነሳሁ። ማያው በዓይን ወይም በመዝጊያው ካልተሸፈነ ብርሃን በዚያ በኩል ወደ ኋላ ገብቶ ፊልሙን ሊያጨልመው፣ ይቅርታ፣ ሊያነጣው ይችላል። ከኋላዬ ደግሞ መብራት ነበር። ምስሉ ወተት የፈሰሰበት ሆኖ መጣ። ደግነቱ ሁለተኛው ቴክ ነበረን።

አሁን ኮሪደሩ።

ትዕይንቱ ቀላል ነው። ሴትየዋ በጨለማ ኮሪደር ሄዳ መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል ትገባለች፤ በሩን ትዘጋለች። ሁለተኛው ቀን ማታ ነው፤ ሁላችንም ደክሞናል። የጣሪያውን መብራቶች አጠፋን። ከኋላ አንዲት 300 ዋት ወደ ጣሪያ አዞርኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል እዚያ ጨለማ ውስጥ ስንለማመድ ቆየን። ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር። ግድግዳው፣ የቀሚሷ እጥፋት፣ የበሩ እጀታ። «እንዴት ያምራል!» አልኩ።

ላይት ሜትሩን አወጣሁ። ሌንሳችን ሲከፈት መጨረሻው 2 ነው (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ይበልጥ ይከፈታል)። ላይት ሜትሩ 1 አለኝ። ሁለት ስቶፕ ያንሳል።

«ምን አለህ?» አለች ዳይሬክተሯ።

«ትንሽ ያንሳል። ግን ጨለማ አይደል የምንፈልገው?»

«ፑሽ ይደረግ ብለን ብንጽፍበትስ?»

እሷ ልክ ነበረች፣ በመርህ ደረጃ። ላቦራቶሪው ፊልሙን በማጠቢያው ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ካቆየው የጎደለውን በከፊል ያካክሳል። ግን ፑሽ የሚደረገው ሮሉ በሙሉ ነው። ከዚያ ሮል የመጀመሪያው 200 ጫማ ያ አንድ ስቶፕ የበዛበት የመስኮት ትዕይንት ነው! በጥጋብ ላይ ጥጋብ። ከመጀመራችን በፊት ጥቁር ከረጢት ውስጥ የተቀረጸውን ቆርጠን በሌላ ቆርቆሮ ብናሽገው ኖሮ ችግር አልነበረም። እኔ ግን ሮሎቹን በስክሪፕቱ ቅደም ተከተል ነበር ያከፋፈልኳቸው። በብርሃን ዓይነት ማከፋፈል ነበረብኝ። አሁን ፊልም ስይዝ መጀመሪያ የምሠራው ሠንጠረዥ እሱ ነው፤ የትኛው ትዕይንት ከየትኛው ጋር አንድ ማጠቢያ መግባት ይችላል የሚል።

ዓይኔን አምኜ ቀረጽኩት።

ቆርቆሮው ላይ «ኖርማል» ብለን ጽፈን ላክን። ስካኑ ሲመጣ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበን አየነው። ኮሪደሩ ጥቁር አይደለም። ግራጫ ነው፤ ጭቃ የመሰለ፣ ጉንዳን የወረረው ይመስል የሚርመሰመስ። ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። ብርሃን ሲያንስ ፊልሙ ላይ ምላሽ የሚሰጡት ትልልቆቹና ፈጣኖቹ የብር ቅንጣቶች ብቻ ናቸው፤ ትንንሾቹ ምንም አይነካቸውም። ያንን ስስ ኔጌቲቭ ስካነሩ ጎትቶ ሊያነሳው ሲሞክር ግሬይኑም አብሮ ይነሳል። ዓይኔ ደግሞ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጨለማውን ለምዶ ነበር። ፊልም አይለምድም።

ዳይሬክተሯ ምንም አላለችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከአራተኛው ሮል 90 ጫማ ተርፎን ነበር፤ በጥቁር ከረጢት ጠቅልዬ፣ ቆርቆሮውን አሽጌ ያስቀመጥኩት። ሁለት ደቂቃ ተኩል። ትዕይንቱ 70 ሰከንድ ነው። ሁለት ቴክ ይወጣዋል።

በዚህ ጊዜ ጨለማውን ለመሥራት ብርሃን ጨመርን። መጨረሻ ላይ ያለውን ክፍል በር ገርበብ አድርገን ባለ 1000 ዋቱን ውስጡ አቆምነው። ብርሃኑ በበሩ ስንጥቅ ወጥቶ ወለሉ ላይ ረጅም ሰንበር ሠራ፣ ግድግዳውንም ላሰው። ሰንበሩ ላይ ላይት ሜትሩ 2.8 አለኝ፤ አንድ ስቶፕ ትርፍ። ግድግዳው 2፣ ልክ ሌንሱ ላይ። ሴትየዋ ወደ ብርሃኑ ስትሄድ ጥላ ብቻ ናት፤ ፊቷን ለሚያሳየው አፍታ ከጎን ትንሽ ነጭ ፎም ያዝንላት። የቀረው ኮሪደር ምንም አልነበረውም፤ እውነተኛ ጥቁር። በዓይን ስናየው ከበፊቱ ይልቅ የሚያበራ፣ እንዲያውም የተጋነነ ይመስል ነበር። ዝም ብዬ ቁጥሩን አመንኩ።

አሥራ አንድ ጊዜ ተለማመድን። የመጀመሪያው ቴክ ላይ የማይኩ ጥላ ግድግዳው ላይ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ሁሉም ነገር ልክ ነበር፤ እርምጃዋ፣ ፎከሱ፣ ሰንበሩን የምትረግጥበት ቦታ። በሩ ጋ ደረሰች። ገባች። እጀታውን ያዘች። ካሜራው ድምጹን ቀየረ። ፊልሙ አለቀ። ማጋዚን ሲጫን የሚባክነውን ጥቂት ጫማ ሒሳቡ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር።

የበሩን መዘጋት በምስል የለንም። ድምጽ የሚቀዳው ልጅ ግን ማንም «ቁረጥ» ስላላለው መቅዳቱን ቀጥሎ ነበር። ኤዲት ላይ እጀታውን ስትይዝ ምስሉ ይቆረጥና ስክሪኑ ይጠቁራል። ከዚያ በሩ ይዘጋል፣ በድምጽ ብቻ።

መምህራችን ፊልሙን ካዩ በኋላ መጀመሪያ የጠየቁን ስለሱ ነው። «ያንን ጥቁር ስክሪን ማነው ያሰበው?» አሉ። እኔና ዳይሬክተሯ ተያየን። ድምጽ የሚቀዳው ልጅ እጁን አወጣ።