ከባሕር ዳር ሆኜ የስፓኒሽ መዝገበ ቃላት እንዴት መረጥኩ

ስፓኒሽ መማር የጀመርኩት ለሥራዬ ብዬ ነው። ባሕር ዳር ላይ አስጎብኚ ነኝ። የጣና ገዳማትን፣ ጢስ ዓባይን፣ አንዳንዴም ሰከላ ድረስ ወጥቼ ግሽ ዓባይን አሳያለሁ። ከስፔን የሚመጡ እንግዶች ብዙዎቹ እንግሊዝኛ ላይ ደከም ይላሉ። በቋንቋቸው ጥቂት ቃል ሲሰሙ ግን ፊታቸው ይፈታል፤ ጥያቄውም ይከተላል።

ግሽ ዓባይ ላይ ደግሞ የአገራቸው ሰው ታሪክ አለ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ሚስዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ምንጩን አይቷል። ያየውንም በፖርቱጋልኛ በጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አስፍሮታል። ይህን ለአገሩ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ መንገር አለብኝ ብዬ ቆረጥኩ።

ችግሩ መዝገበ ቃላቱ ላይ ነበር። ከስፓኒሽ ወደ አማርኛ የሚያሻግር ደህና መዝገበ ቃላት ፈልጌ እጄ አልገባም። ስለዚህ መንገዱ በእንግሊዝኛ በኩል ሆነ። እንግሊዝኛም ለእኔ ትምህርት ቤት የተማርኩት ቋንቋ ነው። ይሄ ነገር የመዝገበ ቃላቱን ምርጫ ይለውጠዋል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲዘጋጅ ሁለት ሰው ታስቦ ነው፦ ስፓኒሽ የሚማር እንግሊዝኛ ተናጋሪ፣ እንግሊዝኛ የሚማር ስፓኒሽ ተናጋሪ። እኛ ሦስተኛ ሰዎች ነን። ለእነሱ ግልጽ የሆነው ፍቺ እኛን ሊያሻማን ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው አንድ ነገር ነው። የትኛው ቃል የት እንደሚገባ ያሳያል ወይ?

መጀመሪያ እጄ የገባችው አንዲት እንግዳ ስትሄድ የተወችልኝ የኪስ መዝገበ ቃላት ነበረች። ለሆቴልና ለምግብ ቤት ትበቃለች። የሰማሁትን ቃል ገልጦ ለማየትም አትከፋም። መናገር ስፈልግ ግን አልሆነችም። ጀልባን እንውሰድ። የእንግሊዝኛውን «ቦት» ስገልጥ «ባርኮ፣ ባርካ፣ ቦቴ፣ ላንቻ» ብላ ደርድራ ታልፋለች። ጣና ላይ ቆሜ የቱን ልበል? ወደ ዘጌ የሚወስደን ባለሞተር ጀልባ ነው። አጠገባችን የምታልፈው ደግሞ የደንገል ታንኳ ናት። እንግዶቹ ካሜራቸውን የሚያዞሩት ወደ ታንኳዋ ነው፤ የሚጠይቁኝም ስለ እሷ ነው።

በኋላ መካከለኛ መጠን ያለው መዝገበ ቃላት ሳገኝ ያንኑ ቃል ገለጥኩ። እዚያ ከእያንዳንዱ ቃል ፊት በቅንፍ አጭር ማስታወሻ አለ። ትልቁን መርከብ ከትንሹ፣ ባለሞተሩን ከሚቀዘፈው ይለያል። ለባለሞተሩ ላንቻ፣ ለታንኳዋ ባርካ ብዬ መናገር ቻልኩ። ያቺ የቅንፍ ማስታወሻ ለእኔ ከሺህ ተጨማሪ ቃል ትበልጥብኛለች። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መዝገበ ቃላት ሳነሳ መጀመሪያ የምገልጠው የእንግሊዝኛውን ክፍል ነው። ብዙ ሰው የሚገልጠው የስፓኒሹን ነው። የስፓኒሹ ክፍል ለመረዳት ያገለግላል፤ በዚያ በኩል ደካማ የሚባለው መጽሐፍም ብዙ ጊዜ ያወጣል። የመጽሐፉ ጉልበት የሚታየው ለመናገር ሲፈለግ ነው።

ሌላው መፈተኛዬ «ማወቅ» ነው። በአማርኛ ሰውንም ሥራንም እናውቃለን። እንግሊዝኛውም እንደኛው አንድ ቃል ነው ያለው። ስፓኒሽ ግን ለሁለት ይከፍለዋል። አንድን ነገር ወይም ሙያ ማወቅ ሳቤር ነው። ሰውን ወይም ቦታን ማወቅ ኮኖሴር ነው። ዋና እችላለሁ ለማለት ሳቤር፣ ጎንደርን አውቀዋለሁ ለማለት ኮኖሴር። ጥሩ መዝገበ ቃላት ሁለቱን ከነምሳሌ ዓረፍተ ነገራቸው ለይቶ ያስቀምጣል። አንዳንዱ እንዲያውም በሣጥን ከብቦ ያብራራቸዋል። «መሆን» ላይም እንዲሁ ነው። ሴርና ኤስታር ሁለቱም «ነው» ናቸው፤ አገባባቸው ግን ይለያያል። እዚህ ላይ ምሳሌ የሌለው መጽሐፍ ተማሪውን መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል።

ስለ ጾታም ልናገር። እኛ ግዑዙን ነገር እንደ ስሜታችን ወንድም ሴትም እናደርገዋለን። ጀልባው እንላለን፣ ስትቀርበን ጀልባዋ እንላለን። ስፓኒሽ ይህን አይፈቅድም። እያንዳንዱ ስም ጾታው የተወሰነ ነው። በአ ድምፅ የሚያልቀው ሴት፣ በኦ የሚያልቀው ወንድ ነው የሚለው ደንብ ብዙ ያስኬዳል። ግን «ማኖ»፣ እጅ ማለት ነው፣ ሴት ነው። «ማፓ»፣ ካርታ ማለት ነው፣ ወንድ ነው። ጾታው ሲለወጥ ትርጉሙ የሚለወጥም አለ። ስለ ጎንደር ሳወራ ዋና ከተማ ነበረች ለማለት «ላ ካፒታል» ማለት አለብኝ። «ኤል ካፒታል» ካልኩ ስለ ገንዘብ እያወራሁ ነው። ስለዚህ የጾታ ምልክቱ በሁለቱም የመጽሐፉ ክፍል መኖር አለበት። አንዳንድ ትንንሽ መጻሕፍት በስፓኒሹ ክፍል ብቻ ያስቀምጡታል። እንዲህ ሲሆን አንድ ቃል ለመናገር ሁለት ጊዜ መግለጥ ነው።

ወደ ግሱ ልምጣ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። አጎቴ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበርና የግዕዝ ግስ ሲያወርዱ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ቅኔ ቤት ግሱ በአርእስቱ፣ ማለትም ለሌሎቹ ምሳሌ በሚሆነው ግስ፣ ይመደባል። የአርእስቱን እርባታ ያወቀ ተማሪ የተከታዮቹንም ያውቃል። የስፓኒሽ መዝገበ ቃላት ጀርባ ላይ ያለውን የግስ ሠንጠረዥ ሳይ ያ ነው ትዝ ያለኝ። ግሶቹ በአር፣ በኤርና በኢር የሚያልቁ ሦስት ወገኖች ናቸው። ከደንቡ የወጡትም የየራሳቸው አርእስት አላቸው። ጥሩው መጽሐፍ እያንዳንዱ ግስ አጠገብ ትንሽ ቁጥር ያኖራል። ቁጥሩን ይዞ ወደ ሠንጠረዡ የሄደ ሰው እርባታውን ያገኛል። ይህ ቁጥር የሌለበትን መጽሐፍ ለጀማሪ አልመክርም። ጎጃሜ ደግሞ ይህን ሥርዓት ቶሎ ይለምደዋል ባይ ነኝ። ቅኔ ቤት ባይገባም ሲወራ ሰምቷል።

በዚሁ ላይ አንድ ፈተና አለ። «ፉኤ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። የሁለት ግሶች ኃላፊ ጊዜ ነው፤ «ነበረ»ም «ሄደ»ም ይሆናል። መነሻዎቹ ሴርና ኢር ናቸው። ከመነሻቸው ጋር በመልክ ስለማይገናኙ ጀማሪ ከየት እንደመጡ ሊገምት አይችልም። ጥሩ መዝገበ ቃላት «ፉኤ»ን በራሱ ቦታ አስቀምጦ ወደ ሁለቱም ይመራል። «ኢሴ»ንም ወደ አሴር፣ ማለትም ወደ «ማድረግ» ይመራል። እነዚህ ከሌሉ መጽሐፉ ቋንቋውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው የተሠራ ነው።

ስፓኒሽ ባሕር ዳር ውስጥ ከማን ጋር ይወራል የሚል ይኖራል። ይወራል። ከካራማራው ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው መማራቸው ይታወቃል። የብዙዎቹ ትምህርት ቤት የወጣቶች ደሴት በሚባለው ላይ ነበር። ከነዚያ አንዱ ሰፈራችን አሉ። የደብረ ማርቆስ ልጅ ናቸው። ስፓኒሻቸው አሁንም ይፈሳል። ማታ ማታ ቡና ላይ ያስተምሩኝ ነበር።

«ጋሼ፣ አውቶቡስን ምን ይሉታል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ጓጓ ነዋ!» አሉኝ። «ሀቫና ሄደህ ሌላ ብትል ፈረንጅ ነህ ይሉሃል።»

ይሄንን ቃል መዝገበ ቃላት ላይ ፈለግኩት። በኪሷ መጽሐፍ የለም። በመካከለኛው አለ፤ አጠገቡ የአገር ምልክት አለበት። ጓጓ በኩባና በካናሪ ደሴቶች አውቶቡስ ነው። ቺሌ ላይ ሕፃን ልጅ ማለት ነው። ከማድሪድ የመጣ እንግዳ «አውቶቡስ» ነው የሚለው፤ መጨረሻውን ጠበቅ አድርጎ። ሜክሲኮ ላይ ደግሞ አውቶቡስን «ካሚዮን» ሲሉት ስፔን ላይ «ካሚዮን» የጭነት መኪና ነው። ስፓኒሽ በ20 አገር የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ አንዷም እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ያለችው ኢኳቶሪያል ጊኒ ናት። ስለዚህ የአገር ምልክት የሌለው መዝገበ ቃላት እንግዳ ለሚቀበል ሰው አይበቃም። ጋሼ በሰጡኝ ቃልና በመጽሐፉ ቃል መካከል ልዩነት ሳይ ማን ተሳሳተ ብዬ ሳልጨነቅ ምልክቱን አያለሁ። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

እዚህ ላይ አሳታሚዎቹም ይለያያሉ። ሜሪያም-ዌብስተር የአሜሪካን እንግሊዝኛና የላቲን አሜሪካን ስፓኒሽ ያስቀድማል። ቮክስ የስፔን አሳታሚ ነው። የኦክስፎርዱ ትልቁ መዝገበ ቃላት መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ የላቲን አሜሪካን አገሮች አነጋገር በየአገሩ ለይቶ በማሳየት ይታወቃል። ግን ለመሸከም ከባድ ነው። ኮሊንስና ላሩስ በተለያየ መጠን ስለሚያወጡ ለተማሪ አቅም ይመቻሉ። የኔ እንግዶች በአብዛኛው ከስፔን ስለሆኑ የስፔኑን የማይዘነጋ ፈለግኩ። አሜሪካ ዘመድ ጋ ለመሄድ የሚማር ሰው ሌላ ይምረጥ።

አዲስ መጽሐፍ ውድ ነው። እዚህ ያለን አብዛኞቻችን አሮጌ ነው የምንገዛው፤ አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ወይም ከመጣ ሰው እጅ። አሮጌ መሆኑ በራሱ አያስፈራም። ዕድሜውን ግን ማወቅ ይበጃል። የታተመበት ገጽ ከተቀደደ አንድ መለያ አለ። ድሮ ስፓኒሽ የቸን ድምፅ የሚሰጡትን ሲና ኤች እንደ አንድ ፊደል ቆጥሮ ከሲ በኋላ የራሳቸው ክፍል ይሰጣቸው ነበር። ለሁለቱ ኤሎችም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 የስፓኒሽ አካዳሚዎች ማኅበር ይህ በመዝገበ ቃላት ተራ ላይ እንዲቀር ወሰነ። ስለዚህ የራሳቸው ክፍል ካላቸው መጽሐፉ የቆየ ነው ማለት ነው። የኮምፒውተርና የስልክ ቃል አይፈለግበትም። እኛ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌንና የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት በአበገደ ተራ ስለለመድን የፊደል ተራ ሲለወጥ ብዙ አንደናገርም። ኘ ደግሞ በስፓኒሽም ከነ ቀጥሎ መምጣቱ ደስ ይለኛል።

ሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር እለፉት። አንዱ ቃል ይቆጥራል፣ ሌላው ፍቺና ሐረግ ሁሉ ደምሮ ይቆጥራል። አይወዳደሩም።

ስልክስ? ስልክም ይዣለሁ። ወርድሪፈረንስ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ያለ ነፃ መዝገበ ቃላት ነው። ስፓኒሽዲክት የግስ እርባታውን ሙሉ ያሳያል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ኔትወርክ እስካለ ድረስ። ሐይቁ ላይ ወይም ሰከላ መንገድ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ያለው ወረቀቱ ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አፕ ስትጭኑ ዳታውን አጥፍታችሁ ሞክሩት። ያልኳቸውን ቃላት ሁሉ፣ «ፉኤ»ን ጨምሮ፣ ፈልጉበት። የመተርጎሚያ አፕ ግን መዝገበ ቃላት አይደለም። አንድ መልስ ብቻ ሰጥቶ ያልፋል፤ ለምን ያንን እንደመረጠ አይናገርም። ሥራ ላይ ያድናል፣ ተማሪ ግን አያሳድግም።

እኔ ይዤ የቀረሁት መካከለኛ መጠን ያለው ኮሊንስ ነው። የቅንፍ ማስታወሻው አይሰስትም፣ የግሱ ቁጥርም አለው። ጠርዙ በላብና በሐይቅ ውሃ ጠቁሯል። አሁን አሁን ኔትወርክ ሲኖር የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚን መዝገበ ቃላት እገልጣለሁ። አካዳሚው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1713 ነው። 23ኛው የመዝገበ ቃላቱ እትም በ2014 ወጥቷል፤ በኢንተርኔት በነፃ ይነበባል። ስፓኒሹን በስፓኒሽ ነው የሚፈታው። ለጀማሪ ከባድ ነው። እንግሊዝኛን እንደ ድልድይ መጠቀም ለሰለቸው ሰው ግን ትልቅ ዕረፍት አለው።

ጀልባ ላይ የሚሠሩ ልጆች የቱን እንግዛ እያሉ ይጠይቁኛል። መጽሐፉን በእጃቸው ሳያገላብጡ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ዘመድ አስልከው ስለሚገዙ እንዲህ እላቸዋለሁ። ዘመዳችሁ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ገጽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ። ከእንግሊዝኛው ክፍል «ቦት» ያለበትን፣ «ማወቅ» ያለበትን፣ ከስፓኒሹ ደግሞ «ፉኤ» ያለበትን። ቅንፉን፣ ምሳሌውን፣ የጾታ ምልክቱን እና የግሱን ቁጥር እዩ። ፊደሉ ለዓይን ካነሰ ደግሞ ሌላ ይፈለግ፤ ማታ በሻማ የሚነበብበት ቀን አለ።