«ማፊዮሶ»ን ለሰፈር ሰው ስታሳዩ

የጣሊያናዊውን ዳይሬክተር የአልቤርቶ ላቱዋዳን ፊልም «ማፊዮሶ» (1962) ኮሜዲ ነው ብላችሁ ከጠራችሁ ሰው ለመሳቅ ይመጣል፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ይቆማል። የፊልሙ ትልቅነት እዚያ ነው። ኮዬ ፈጬም ሆነ ጀሞ፣ በኮንዶሚኒየም የጋራ አዳራሽ አንሶላ ወጥሮ የሚያሳይ ሰው ዋና ሥራው ይህን መታጠፊያ አለማበላሸት ነው።

ያላያችሁት ይህን አንቀጽ ዝለሉት። አንቶኒዮ (አልቤርቶ ሶርዲ) ሚላን የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ነው፤ የሠራተኛውን እጅ በሰዓት ይለካል። የሰሜን ጣሊያን ሰው የሆነችውን ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ ለእረፍት ሲሲሊ፣ ወላጆቹ ጋ ይወርዳል። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ስጦታ ይከፈታል፣ ሚስቱ የእህቱን የከንፈር ላይ ፀጉር በሰም ታነሳላታለች። ለበዓል አገር ቤት የሚወርድ ሁሉ የሚያውቀው ግርግር ነው። ከዚያ የማፊያው አለቃ ዶን ቪንቼንዞ ውለታውን ይጠይቃል። አንቶኒዮ ለቤተሰቡ አደን ሄደ ተብሎ፣ ሣጥን ውስጥ ታሽጎ ኒውዮርክ ይገባል፤ ፀጉር ቤት የተቀመጠ ሰው ገድሎ ይመለሳል።

ስለዚህ ለቡና ብላችሁ መሀል ላይ አታቁሙ። ፊልሙ ወደ 105 ደቂቃ ነው፣ በአንድ ቁጭታ ይታያል። ማታ 1 ሰዓት ከጀመራችሁ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ታበቃላችሁ። ከኒውዮርክ መልስ አለቀ ብሎ መብራት የሚያበራ አይጠፋም፤ ማብሪያው አጠገብ ሰው አስቀምጡ። ፋብሪካው ውስጥ እስክሪብቶ የሚመለስባት የመጨረሻዋ ትዕይንት ከቀረች ፊልሙ ተራ የወንጀል ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

ከምስሉ ግርጌ የሚነበብ የአማርኛ ትርጉም (ሰብታይትል) የምታዘጋጁ፣ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 የፊደል አቀማመጥ (ኢንኮዲንግ) አስቀምጡት፤ አለዚያ ፊደሉ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ባዶ ሳጥን ብቻ ከታየ ችግሩ ፎንቱ ነው፤ ቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ ውስጥ ኒያላን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ምረጡ። ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ ከንግግሩ ከራቀ፣ ጽሑፉ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ለሚያሳይ ቪዲዮ ተሠርቶ የእናንተ ቪዲዮ 23.976 ነው ወይም ተገላቢጦሹ። ልዩነቱ በመቶ ደቂቃ አራት ደቂቃ ገደማ ስለሚደርስ በቪኤልሲ የጂ እና የኤች ቁልፍ ጽሑፉን ማፍጠንና ማዘግየት አያድንም። ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ፕሮግራም የጽሑፉን ፍሬም ሬት (የፍሬም ፍጥነት) ቀይሩት። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፣ የሲሲሊ ፀሐይ ደግሞ ግድግዳውን ሁሉ ያነጣዋል፤ ነጭ ፊደል እዚያ ላይ ይሰወራል። ቢጫ አድርጉት፣ ዙሪያውን ጥቁር መስመር ስጡት።

አንሶላው ስስ ከሆነ ብርሃኑ ወደ ኋላ ያልፍና ምስሉ ይደበዝዛል፤ ሁለት ደርቡት። ጄኔሬተር ካለ ከሕንፃው ጀርባ አርቁት። የመክፈቻው የፋብሪካ ድምፅ ራሱ ጩኸት ነው፣ የሞተር ድምፅ ከተደረበበት ማሽኑ የቱ እንደሆነ አይለይም። ላፕቶፑን ቀድማችሁ ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፕሮጀክተሩን ወዲያው አታብሩት፣ ጥቂት ይቀዝቅዝ። የቆመበትን ደቂቃ የሚጽፍ ሰው ይኑር፤ አንድ ደቂቃ ወደ ኋላ መልሳችሁ ቀጥሉ።